የፀጉር አስተካካዩ ልጅ እና የራሳቸው ድምፅ

ሁላችንም እታለም እያልን የምንጠራቸው እናታችን፣ ከፀጉር አስተካካይ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ለአራት ልጆች በኩር ሆነው፣ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ተወለዱ።

ማንበብ እንደቻሉ፣ በሰባት ዓመታቸው፣ አባታቸው ከመስታወቱ አጠገብ በርጩማ ላይ እያስቀመጡ ለደንበኞች ጋዜጣ ያስነብቧቸው ነበር። ዜናው ክርክር ያስነሳል። አንዱ የሌላውን ቃል ከአፉ ሲነጥቅ አባታቸው ምላጩን ከፍ አድርገው «መጀመሪያ ይጨርስ!» ይላሉ፤ ጉሮሮው ሳሙና የተቀባ ሰው ደግሞ ብዙ አይከራከርም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይላሉ። ደንበኞቹ ይስቃሉ። አባታቸው አይስቁም፤ የልጃቸውን መልስ ይጠብቃሉ። እታለም «ሰው ያደረገኝ ያ ጥያቄ ነው» ይሉን ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀው፣ በአዋላጅ ነርስነት ሠልጥነው፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል። በሃያ አራት ዓመታቸው ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

አባታችን ያደጉት አባወራው የወሰነውን ሁሉም በሚቀበልበት ቤት ነው። ምርጫ ሲደርስ «ቤታችን የሚመርጠው እገሌን ነው» አሉ። እታለም «ቤት ድምፅ የለውም። አንተ አለህ፣ እኔም አለኝ» ብለው መለሱ። አባታችን ክፉኛ ተቀየሙ። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ለአባታችሁ ምሳ ቀርቧል በሏቸው»፣ «አልራበኝም በሏት» እየተባባሉ በልጆች አፍ ተነጋገሩ። በምርጫው ዕለት እታለም ሰልፍ ላይ ሳሉ ዝናብ ጣለ። አባታችን ከኋላ መጥተው ጃንጥላቸውን ዘረጉላቸው። ባንድ ጃንጥላ ሥር ቆመው ለየቅል መረጡ።

የእታለም ዕጩ ተሸነፈ። እሳቸው ግን ባለቤታቸውን «እንኳን ደስ ያለህ፤ በል አሁን የመረጥከውን ሰው አብረን እናናግረው» ብለው ወደ ተመራጩ ቢሮ ይዘዋቸው ሄዱ። ጤና ጣቢያው ቧንቧ አልነበረውም፤ እናቶች የሚወልዱት ከጎረቤት በባልዲ በሚቀዳ ውሃ ነበር። አምስት ጊዜ ተመላለሱ። በዓመቱ ውሃው ገባ። ከዚያ ወዲያ አባታችን ራሳቸው፣ ገና አፏን የፈታችውን ታናሽ እህታችንን ሳይቀር፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ማለት ጀመሩ።

እታለም ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሦስት ዓመት ሲታከሙ ቆይተዋል። ባለፈው ወር፣ ምርጫ ሲደረግ፣ ሐኪማቸውን አስፈቅደው በተሽከርካሪ ወንበር ሄዱ። አስመራጯ ወጣት «እማማ፣ ላግዝዎት?» ስትላቸው «ልጄ፣ ስንቱን ሕፃን በዚህ እጅ ተቀብያለሁ፤ አንድ ምልክት አያቅተኝም» አሏት።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። በምርጫው ዕለት ወንበራቸውን እየገፋች የወሰደቻቸው ትልቋ የልጅ ልጃቸው በዚያ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጥታለች፤ እታለምም ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ እየሳቁ ነበር።

ፈጣሪ ያንን ደስታቸውን በወዲያኛው ቤታቸውም አይንሳቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።