ክኒን ሊያካፍሉ የመጡ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 6፣ 2009፣ ጠዋት
ክኒኗን ዋጥኩ። አስፕሪኑንም። ስላጭ አገጬን ቆረጥኩት፤ ደሙ አልቆም ብሎ ፎጣው ተበላሸ። ክንዴን በር ነካ ቢያደርገው ጠቁሯል። ሰውነቴን ማየት ያስጠላኛል። የልቤ ቧንቧ ውስጥ ስቴንት የምትባል የብረት ወንፊት አለች። ሥጋ እስኪሸፍናት ድረስ ደም ላይዋ ሊረጋ ይችላል። ከረጋ ቧንቧው ይዘጋል። ስለዚህ ዶ/ሩ፦ ደም ማቅጠኛውን አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳታጓድል።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 8፣ ከሥራ መልስ
የሚስቴ የእልፍነሽ አጎት፣ ጋሽ መኮንን፣ ከአዲስ አበባ መጥተው እዚህ አሜሪካ እኛ ጋ ከተቀመጡ ወር አልፏል። እሳቸውም በክረምቱ ባንኮክ ሄደው ያው ብረት ገብቶላቸዋል። ይዘውት የመጡት ክኒን ሰኞ አለቀ። ታኮማ ፓርክ ነጻ ክሊኒክ አለ፣ ልውሰድዎ አልኩ። በስተርጅና የሰው አገር ሐኪም ደጅ አልጠናም አሉ። ሚስቴ፣ ካንተ አካፍላቸዋ አለች። እንቢ አልኩ። እናቷን ኮል አደረገች። አማቴ ከአዲስ አበባ፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል አሉኝ። ይችን አብረን ከበላናት አብረን ነው የምንሞተው አልኳቸው። ስልኩን ዘጉት። አሁን እዚህ ቤት የሚያናግረኝ የለም። አንተን እያናገርኩ ነው፣ ማስታወሻዬ። ይኸው ነው ደረጃዬ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶ. 10፣ ከምሳ በኋላ
ሽማግሌ ተላከብኝ። ለክኒን። ሦስት ሰው፣ ሙሉ ሱፍ። ካልሰማኸን አንቀመጥም ብለው ምንጣፉ ላይ ተገተሩ። አፈ ጉባኤው አቶ ደምሴ ናቸው፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ የመኪና ፓርኪንግ የሚያስተዳድሩት። የድንበር ክስ የያዙ ይመስል ግራ ቀኙን ሰምተው ፈረዱ፦ አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እሳቸው። ዕርቅ ማለት ይኼ ነው። እንዲህ ከሆነ ሁለታችንም እንዘጋለን አልኩ። እኔ የግፊቴን ክኒን የምውጠው ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው፣ ይኸው ቆሜያለሁ አሉ አቶ ደምሴ። እንግዲያው ይቀመጡ አልኳቸው። ማንም አልሳቀም።

ጋሽ መኮንን ጥግ ላይ ላብ በላብ ሆነዋል። አፍረው መሰለኝ። ሰዎቹ በሩን ሲወጡ እሳቸው ደረታቸውን ጨብጠው ጎበጡ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ይዟቸዋል። ምነው ዝም አሉ? አልኳቸው።

«ሽማግሌ ሲናገር ይቋረጣል እንዴ፣ ልጄ?»

እልፍነሽ፣ ሽማግሌዎቹን ሳይርቁ ጠርተናቸው እንማከር አለች። አምቡላንስ ጠራሁ።

ያው ቀን፣ ድንገተኛ ክፍል
ሦስቱም ሽማግሌዎች አምቡላንሱን ተከትለው መጡ። ነርሷ፣ ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ ወይ፣ መጨረሻ የወሰዱት መቼ ነው ብላ ጠየቀች። እንግሊዝኛ የሚጠይቅ ነገር ሲመጣ አቶ ደምሴን የሚቀድም የለም። በየቀኑ፣ አንድም ሳያጓድሉ አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፦

«የሰው ገመና አደባባይ አይወጣም።»

ነርሷ ልትጽፈው ነው። ውሸት ነው አልኳት። ከሰኞ ወዲህ አንዲት ክኒን አልዋጡም። ጋሽ መኮንን የኦክስጅን ጭንብሉ ሥር «እውነቱን ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀና ብላ ሰው ጠራች። አልጋውን እየገፉ ሮጡ።

እልፍነሽ አጠገቤ ነበረች፤ ተነስታ ሌላ ወንበር ያዘች። አቶ ደምሴ፣ አዋረድከን አሉ። ሁለቱ እሳቸውን ያጽናናሉ። ሰውየው ውስጥ ብረቱ ተዘግቶበት፣ እነዚህ የሚጽናኑት ስላፈሩ ነው። ምራቄን የምተፋበት አጣሁ።

በሩ ተከፈተ። ሐኪም ነው። ለቤተሰቡ የሚያስተረጉም ማነው እያለ ነው። አቶ ደምሴ ኮታቸውን እየቆለፉ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ቀድሜያቸው ልነሳ።