የአሰላው ሰውዬ ድምፅ

ቶሮንቶ፣ ነሐሴ

ለምወድዎት እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ትንሽ ተሻለልዎ ወይ? የደም ግፊት ኪኒንዎን ጠዋት ጠዋት እየዋጡ ነው ወይስ አሰፋሽን እያታለሉ ትራስ ስር ይከቱታል? አልጋዎን ሳነጥፍ የኖርኩት እኔ ነኝና እኔን አይሸውዱኝም። ለአሰፋሽም እኔ በሌለሁበት ስለ እርስዎ መድከሟን እግዚአብሔር ይቁጠርላት፤ ጎረቤት ማለት እንደሷ ነው። ናዝሬት ዝናቡ በርትቷል ብለውኛል። በጓሮ በኩል ውሃ እንዳይገባብዎ ደጃፉ ላይ አፈር አስደፍተው ከሆነ ልቤ ያርፋል።

እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ኤፍራታም ደህና ናት፤ ሥራና ልጅ አንድ ላይ ሆኖባት ትሮጣለች እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የላትም። የልጅ ልጅዎ ልጅ ኤልሮኢ ጥርስ አብቅሎ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ግንባሩን ሲቋጥር ቁርጥ አያቱን ነው። አንዳንዴ ተክሉዬ ከፊቴ የተቀመጠ ይመስለኝና ስሙን ልጠራ አፌን እከፍታለሁ።

በየቀኑ በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። በስልኩማ እርስዎ እየጮሁ ስለሚያወሩ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማናል፤ መስመሩም ዋናው ነገር ላይ ስንደርስ ጠብቆ ይቋረጣል። ይሄ ደግሞ እየተቋረጠ የሚነገር ነገር አልሆነልኝም። ስለዚህ ጽፌ ወደ አገር ለምትመለሰው ለቆንጂት ሰጠኋት፤ ዓይንዎ ስለደከመ እሷው ታነብልዎታለች። አሁን አጠገብዎ የተቀመጠችው ቀጭኗ ሴትዮ፣ በቴሌግራም ስትስቅ ሰምተው አብረዋት ይስቁ የነበረችው የደብረ ዘይቷ ቆንጂት ናት። በሳቋ ወፍራም ነበር የመሰለችኝ፤ እርስዎም ሳይገረሙ አይቀሩም። ቆንጂትዬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ ከራስሽ ደግሞ አትጨምሪበት።

የግሩፓችንን ነገር ለእርስዎ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ከእኔ እኩል አባል ነበሩ። ልጆቻቸው ካናዳ ያሉ፣ ቪዛ የሚጠብቁ ወላጆች፣ አንዱ ከአሰላ፣ አንዷ ከደብረ ዘይት፣ ሌላው ከነቀምት፣ ተያይተን የማናውቅ ሰዎች ማታ ማታ ድምፅ እየተላላክን ስንት ጊዜ ቆየን። በርበሬ ያስገቡ ይሆን? ኤርፖርት ላይ የሚጠይቁት ሰውዬ ይቆጣ ይሆን? አንዱ ቪዛ ሲከለከል ሁላችንም እናዝን ነበር፤ አንዷ ሲሳካላት ከቤታችን ሆነን እልል እንላለን። አገሪቱን ሳናያት ወደድናት። ልጆቻችንን ያስጠጋች አገር ናትና በጸሎታችን መጨረሻ ከኢትዮጵያ ቀጥለን ካናዳን እንጠራ ነበር። እርስዎማ ይባስ ብለው ሁልጊዜ የቶሮንቶን ብርድ ይጠይቁኝ ነበር። ከዜሮ በታች ሃያ ሆኗል ስልዎ፣ በዚያ በናዝሬት ሙቀት ጋቢዎን ይደርቡ ነበር።

የአሰላውን ሰውዬ፣ አቶ ሙሉነህን፣ መጀመሪያ ልብ ያሉት እርስዎ ነዎት እንጂ እኔ አይደለሁም። ይሄንን በዚህ ወረቀት ላይ በግልጽ አስፍሬዋለሁ። ድምፅ ሲልክ መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ እንደምን አመሻችሁ የመንገድ ጓደኞቼ ይላል። ዕድሜውን የባሌ ሮቤን አውቶቡስ ሲነዳ ስለኖረ ሁሉም ሰው ተሳፋሪው ይመስለዋል። አንድ ሰሞን ድምፁ ሲጠፋ፣ ያ የአሰላው ሰውዬ ምነው ዝም አለ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ብቻውን ታሞ እንዳይሆን ጠይቂው እንጂ ያሉኝ ማን ነበር? እኔ ባሌ የሞተብኝ ሴት ለማላውቀው ወንድ ለብቻው ምን ብዬ ልጻፍ ብዬ ስከራከር፣ እናቴ ጠይቂ ብላኛለች በይው አሉኝ። እንዳሉኝ ጻፍኩ። እውነትም ታሞ ኖሯል። ሲመልስልኝ፣ እናትሽን ጉልበታቸውን ስሚልኝ አለ፤ ስሜልዎ ነበር፣ ያስታውሳሉ።

ዘንድሮ ለሦስታችን አንድ ሰሞን ቪዛ ሲወጣልን የግሩፑ ሰው ሁሉ ሻንጣችንን አብሮን ያሰናዳ ያህል ነበር። የቆንጂት ልጅ ፓርክዴል ነው ያለው። የአቶ ሙሉነህ ልጅ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። እኛ ያለንበት ሴንት ጄምስ ታውን ደግሞ ሕንፃው ተደጋግፎ የቆመ ነው፤ ሊፍት ውስጥ ብቻ የስንት አገር ቋንቋ ይሰማል። አንድ ቅዳሜ ሦስታችንም በልጆቻችን ተመርተን ሐይቁ ዳር ተገናኘን።

እማዬ፣ ድምፁን የሚያውቁትን ሰው ፊቱን ማየት እንዴት ያሳፍራል! በድምፁ ረጅም፣ ደረተ ሰፊ አድርጌ ነበር የሳልኩት። የመጣው ግን አጠር ያለ፣ በዚያ በሚያቃጥል ፀሐይ ጉልበቱ ድረስ የሚወርድ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። ለካስ እኛ ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ብርዱ ስንመካከር፣ ካናዳ በጋ አላት ብሎ የነገረን የለም። እኔም ከእርስዎ የተዋስኩትን ወፍራም ሹራብ ለብሼ ላቤ ይንቆረቆራል። ልጆቻችን አስቀምጠውን ሄዱ። እኛም ማታ ማታ ያላወራነው ነገር የሌለን ሰዎች አፍረን አንገታችንን ደፋን። እንደ አዲስ ተማሪ ጫማችንን እናያለን።

ቆንጂት ባትኖር እንደዚያው እንመለስ ነበር። ተነሱ፣ ፊታችንን ወደ ውሃው እናዙርና ሳንተያይ እንቀመጥ፣ ከዚያ ድምፅ እንደምንልክ እናውራ አለች። ባንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ውሃ ውሃውን እያየን ተቀመጥን። አቶ ሙሉነህ ጉሮሮውን ጠረገ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ እንደምን አመሻችሁ የመንገድ ጓደኞቼ አለ። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን? እሱ ይሄ ባሕር ነው አለ፤ ቆንጂት ሐይቅን ለደብረ ዘይት ሰው ማን ያስተምራል ብላ ወርዳ በጣቷ ቀመሰችውና ጨው የለውም ብላ ረታችው። አልዋሽዎትም፤ አላደረግኩትም ካለችዎ አይመኗት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መገናኘት ልማዳችን ሆነ። አቶ ሙሉነህ ከመኪናው ጋር መንገድ ላይ የሚሄደው የከተማ ባቡር ላይ ስንሳፈር ከሹፌሩ ጀርባ ቆሞ አነዳዱን ይታዘባል፤ ፍሬን ሲይዝ አብሮ እግሩን ይረግጣል። ስለ ሟች ባለቤቱ ያወራል፤ እኔም ስለ ተክሉ አወራለሁ። እንዲህ ሳያቋርጠኝ ስለ ተክሉ ያዳመጠኝ ሰው ከእርስዎ ሌላ አላገኘሁም። ሰዎች ስሙን ሳነሳ ይጨነቁና ወሬ ይቀይሩብኛል። እሱ ግን፣ ምን ይወድ ነበር? ሲቆጣ ምን ይል ነበር? እያለ ይጠይቀኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቆንጂት፣ እዚህ ጋ አትሳቂ።

ባለፈው ወር አንድ እሁድ ሦስታችንም ወደ አበሾቹ የወንጌል ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከመዝሙር በኋላ እንደ ወጉ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እንግዶች ብድግ በሉልን ተባለ። ቆንጂት ለካ እጇን ልትታጠብ ወጥታ ኖሯል፤ እኔና አቶ ሙሉነህ ብቻ ጎን ለጎን ቆመን ቀረን። ማይክ የያዘው ልጅ እዚህ ያደገ ነው መሰለኝ፣ አባታችንና እናታችን ከኢትዮጵያ ለቪዚት መጥተዋል፣ ዌልካም እናድርጋቸው ብሎ አስጨበጨበልን። ቀጥሎም ለእኛ ለወጣቶቹ ትምህርት እንዲሆነን፣ በትዳር ስንት ዓመት ቆያችሁ? ብሎ ማይኩን አቶ ሙሉነህ አፍ ላይ ደቀነው። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። እሱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ እግዚአብሔር ያውቃል አለ።

ጉባኤው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ብዙ ከመኖራቸው የተነሳ ቆጠራውን ረስተውታል ብለው ነው። ይሄኔ አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ተነሥተው መጡና እጃቸውን በሁለታችን ራስ ላይ ጭነው፣ ጌታ ሆይ፣ እነዚህን ባልና ሚስት በሽምግልናቸው አታለያያቸው፣ አንዱ ለአንዱ ምርኩዝ ይሁን ብለው ጸለዩ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ሽማግሌው ጸሎቱን ሲደግሙት በሁለተኛውም አሜን አልኩ። እማዬ፣ የመጀመሪያው አሜን የይሉኝታ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሽማግሌውን ማን ያሳፍራል? ሁለተኛው ግን የይሉኝታ አልነበረም። ይሄንን ከእርስዎ ደብቄ ማደር አልቻልኩም። ቆንጂት ስትመለስ እጅ ተጭኖብን አገኘችንና፣ ለትንሽ ጊዜ ብወጣ ሰርግ አመለጠኝ ትላለች እስከ ዛሬ።

ከቸርች ስንወጣ ቆንጂትን ልጇ ወሰዳት። ከአቶ ሙሉነህ ጋር አውቶቡስ ስንጠብቅ እሱ፣ ወይ የሚመጣው እሁድ ተነሥተን አይደለንም ብለን እንናዘዛለን፣ ወይ ደግሞ እውነት እናደርገዋለን፤ ቤተ ክርስቲያን ዋሽቼ መቅረት አልፈልግም አለኝ። እኔም እናት አለችኝ፣ እሷን ሳልጠይቅ መልስ የለኝም አልኩት። የወለዱሽ እናትማ በልጅነትሽ አርፈዋል ብለሽኝ አልነበረም ወይ? አለ። ናዝሬት ያለችውን ነው የምልህ አልኩት። ገባውና ባርኔጣውን አወለቀ።

ለኤፍራታ ነገርኳት። አቅፋኝ አለቀሰች፤ አይ አም ሃፒ ማሚ፣ ግን እማማ ምን ትላለች? አለችኝ። ልጅቷም እንኳ ጭንቀቴ የት ላይ እንዳለ አውቃዋለች። ቪዛሽን ኤክስቴንድ እናድርግ፣ ለኤልሮኢም ይሻላል ብላ ስትለምነኝ ከርማለች፤ እኔ ግን መስከረም ሲያልቅ እመጣለሁ። እርስዎን ለጎረቤት ትቼ የምቀርበት አገር የለም፣ የቱንም ያህል ብወዳት።

እማዬ፣ ተክሉን አልረሳሁትም። ከእሱ የሚነጥለኝ ነገር ቢሆን ኖሮ አሜን ባልወጣኝ። አንድ ነገር ግን ብዕሬን ያከብድብኛል። ተክሉ በሞተ ሰሞን ነፍሱን ይማርና ወንድሜ ሊወስደኝ ሲመጣ፣ እርስዎ በሐዘን ወገብዎን እንደታጠቁ በር ላይ ቆመው፣ አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛዋን በቁሟ አልሰጥም አሉት። እሱም አልቅሶ ተመለሰ። በዚያ ቃል ነው እስከ ዛሬ የቆምኩት። አሁን ያንን ቃል ያፍርሱልኝ ብዬ የምለምን እንዳይመስልዎ። አቶ ሙሉነህ፣ ዕድሜ ልኬን ናዝሬት ላይ ተሳፋሪ ምሳ እያበላሁ አልፌያታለሁ፣ አንድ ቀን ግን አላደርኩባትም፤ እናትሽ ካልጠሉኝ የምመጣው እኔ ነኝ ብሏል። ከቤትዎ የሚጎድል ሰው የለም።

እሱ ሰሞኑን አገሩ ገብቷል። አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ከአሰላ ሦስት ሰዎች ደጅዎን ያንኳኳሉ። እኔ ሳልመጣ እንዲሆን የፈለግሁት እኔው ነኝ፤ ፊቴን እያዩ ይሉኝታ እንዳይዝዎ ብዬ ነው። እንደ ወጉ ቢያስቀጥሯቸው፣ ሌላ ጊዜ ተመለሱ ቢሏቸው አይከፋኝም። እምቢ ቢሉም ያው መስከረም ሲያልቅ መጥቼ ጉልበትዎን አሻለሁ፤ በመካከላችን አንድም ነገር አይለወጥም። ቆንጂትም ምን እንዳሉ እንዳትነግረኝ፤ ከእርስዎ አፍ ነው መስማት የምፈልገው።

ሰዎቹ ወደ ማን እንላክ ብለው አስጠይቀውኝ ነበር። አባቴ የለ፣ ወንድሜ የለ። የእርስዎን ስም ሰጠኋቸው። ገብተው እንደተቀመጡ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል ይላሉ። ያን ጊዜ፣ ልጄ አይደለችም፣ የልጄ ሚስት ናት ብለው እንዳያርሟቸው እለምንዎታለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ዓይንዎን ያብራልኝ፤ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። በሰላም ያገናኘን።

ልጅዎ