ውኃ የማይስበው ፓምፕ

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ብርድ ገባ። ፋብሪካ ውስጥ የዓሣው በረዶ ጣቴን አደንዝዞት ዋለ። ምሳ ላይ የሥራ ጓደኛዬ ሂራኩ የቤቱን ጉድ አወራልን። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጎማ ሰው በሌለበት ከቧንቧው ወልቆ፣ ውኃው ሲፈስ ውሎ፣ ወለሉ እንደ ዳቦ አብጦ ጠበቃቸው። እሱ እየሳቀ ነው የሚያወራው። እኔ ግን የኛ ወለል ታየኝ። የኛም ማሽን አሮጌ ነው። የኛም ጎማ አሮጌ ነው።

ስለዚህ ከመተኛቴ በፊት የማየው፦
ጋዝ… ተዘግቷል።
የላምባ ማሞቂያ… ጠፍቷል።
የጓሮ በር… ተቆልፏል።
የማሽኑ ቧንቧ… ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል። ጥብቅ አድርጌ።

ሚትሱኤ ሳቀችብኝ። ባሏን መሳቂያ ማድረግ ትወዳለች። "አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እኔንም ቆልፈህብኝ ትተኛለህ።"

ጋደም እንዳልኩ ሰማሁት። ካናሜ ከፎቅ ወረደ። ታጠበ። ከዚያ ፓምፑ… ዝዝዝ… የመታጠቢያ ገንዳውን ውኃ ወደ ማሽኑ ሲስብ። እንቅልፍ የሚወስደኝ ያንን ስሰማ ነው። ልጄ አለ ማለት ነዋ።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ልብሱ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰቅሏል። የፋብሪካ ነጭ ሱሪዬን እንደ ሁልጊዜው ኪሱን ገልብጦ ነው የሰቀለው።

ሰው ፊት መቅረብ ከተወ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ኮሌጁን ጥሎ መጣ፣ ክፍሉ ገባ፣ በቃ። ለምን? ጠይቄዋለሁ። በሩን ነው የጠየቅኩት። ሚትሱኤ ምግቡን ደፍ ላይ ታስቀምጣለች፣ ሳህኑ ባዶውን ይወጣል። መብላትማ ማንም ይበላል። ማጠብ ግን… ማጠቡ ለኛ ነው። ደንቡ የእናቴ ነበር፦ ሁሉም ገላውን ታጥቦ ነው ገንዳው ውስጥ የሚገባው፣ ውኃው አይቆሽሽም፣ ስለዚህ መጨረሻ የገባው ጎማውን ይከትና በዚያው ውኃ ልብስ ያጥባል። እናቴ ከሞተች በኋላ ደንቡን የያዘላት እሱ ብቻ ነው።

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

የሚትሱኤ ታላቅ ወንድም መጣ። ሺጌአኪ። መንደሪን ይዞ። ጫማውን አውልቆ ሳይጨርስ ጀመረው።

"እስከ መቼ ነው ይሄን ጎረምሳ ስትቀልቡ የምትኖሩት?"

"ቀስ ይበሉ ወንድም ጋሼ፣ ይሰማል።"

"ይስማ! ለማን የማወራ መሰለህ?"

ሰዎች አሉ አለ። ክፍሉን ዘግቶ የተቀመጠ ልጅ መጥተው የሚያወጡ። አራት ሆነው ክፍሉ ይገባሉ፣ መኪና ላይ ይጭኑታል፣ ተራራ ላይ ማደሪያ አላቸው፣ እዚያ ሥራ ያስለምዱታል። ጎረቤቱ ልጁን ሰጥቷቸዋል።

"አሁን ልጁ እንዴት ሆነ?" አልኩት።

ወደ ሻዩ አየ። "ቢያንስ ቤት ውስጥ የለም።"

ምን ዓይነት መልስ ነው? ሚትሱኤን አየኋት። መንደሪኑን ትልጥለታለች። መላጧ ነው ያስፈራኝ።

"ልጁ እኮ ሥራ ይሠራል" አልኩ።

"ምን?"

"ልብስ ያጥባል።"

መንደሪኑ ትን እስኪለው ሳቀ። "የሚያጥበው ማሽኑ ነው፣ አንተ ቴትሱሮ! ማሽኑን ነው ወይስ ልጁን ነው የወለድከው?"

ከሄደ በኋላ ሚትሱኤ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፦ "ማጠቡንም የተወ ቀን ግን እደውላለሁ። እኔም ሰው ነኝ። ደክሞኛል።"

እሺ አልኳት። ለምን እሺ አልኩ?

ኖቬምበር 9፣ እሁድ

ማታ ፓምፑን አልሰማሁትም። እንቅልፍ ጥሎኝ ይሆናል።

ኖቬምበር 10፣ ሰኞ

እንቅልፍ አይደለም። ዛሬም ልብሱ ቅርጫቱ ውስጥ እንዳለ ነው። ገንዳው ሙሉ፣ ውኃው ቀዝቅዟል። ፎጣው ደረቅ። አልታጠበም። ሚትሱኤ ቅርጫቱን አየች፣ እኔን አየች።

ከሥራ መልስ ማሽኑን ሞከርኩት። በመጀመሪያ ጥንቃቄ፦ ቧንቧው መዘጋቱን አየሁ፣ ጎማው ደህና መሆኑን አየሁ፣ ባልዲ አስጠጋሁ። ቧንቧውን ለዚህ አልፈልገውም፣ የምሞክረው የገንዳውን ውኃ ነው። ጎማውን ገንዳው ውስጥ ከትቼ የማሽኑን ቁልፍ ተጫንኩት። ዝዝዝ ይላል… ይላል… ጠብታ የለም። አጠፋሁ፣ እንደገና። ዝዝዝ። ደረቅ።

ደስ አለኝ። አዎ፣ ማሽን ተበላሸ ብሎ ደስ የሚለው ሰው እኔ ነኝ። ልጁ አልተወም! ፓምፑ ነው! ሚትሱኤ ጋ ሮጥኩ።

"ፓምፑ ነው የተበላሸው። ምን ያድርግ? በምን ይጠብ?"

"ገላውንስ? ገላም በፓምፕ ነው የሚታጠበው?"

ባልዲውን ወደ ቦታው መለስኩ።

ሺጌአኪ ላላቸው ሰዎች ደውላለች። ሰዎቹ እሁድ ጠዋት መጥተው "ያዩታል"። ለማየት አራት ሰው ምን ያደርጋል? ለመንኳት። ፓምፑን ከሠራሁት፣ ልጁም ካጠበ፣ እሁድ ሳይደርስ ትሰርዘዋለች። ይሄን ብቻ አገኘሁ።

ኖቬምበር 11፣ ማክሰኞ

የሠራሁት፦
ሶኬት ነቀልኩ። ቧንቧ… ዝግ ነው።
የጎማውን አፍ ማጣሪያ አወጣሁ። ፀጉር ነበረበት። የካናሜ ነው፣ ረጅም። ይሄን ያህል አድጎ ኖሯል ፀጉሩ።
በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት።
ጎማው ተቀዶ እንደሆነ ነፋሁት። አልተቀደደም።
መልሼ ገጠምኩ። ዝዝዝ። ደረቅ።

ሚትሱኤ ጠዋት በቧንቧ ውኃ አጥባ ነበር፣ የምንለብሰው ስላጣን። "ምን አድርገህ ነው ቧንቧውን እንዲህ የምትዘጋው? መዳፌን ላጠኝ።" እሷ ስታጥብ ማሽኑ ደህና ነው። ይሽከረከራል፣ ይጨምቃል፣ ያፈሳል። ስለዚህ የቀረው ያ ትንሽ ፓምፕ ብቻ ነው። ገብቶኛል።

የማይገባኝ፦ ፎቅ ላይ ምን እያሰበ ነው?

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

ሳህኑ ግማሹን ተመለሰ። የሚወደውን የተጠበሰ ዓሣ አልነካውም።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

ማሽኑን የሠሩት ጋ ደወልኩ። አንዲት ልጅ በሚያምር ድምፅ የዚያ ፓምፕ ዕቃ መመረት አቁሟል አለችኝ። "በጣም እናዝናለን።" እኔም በጣም አዝናለሁ አልኳት። ሳቀች… ቀልድ መስሏት።

ፓምፑን ራሱን አወጣሁት። የጀርባውን ክዳን በካቻቢቴ ስፈነቅል የፕላስቲክ መያዣው ቋ ብሎ ተሰበረ። አሁን በእርግጥ ተበላሸ። ሚትሱኤ እንዳታይ ስባሪውን ኪሴ ከተትኩት።

ባቡር ጣቢያው ጀርባ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት እትዬ ኦኑማ ጋ ሄድኩ። ከፍሪጅ ክምር መሀል ተቀምጠው የሩዝ ብስኩት ይቆረጥማሉ። ፓምፑን አሳየኋቸው።

"አዲስ ማሽን ግዛ እንዳልልህ ፊትህ አዲስ ነገር የሚችል ፊት አይደለም" አሉኝ። "ማን ሞተብህ?"

"ማንም። ልብስ ማጠቢያ ነው።"

"ለልብስ ማጠቢያ እንዲህ የሚያለቅስ ባል እኔም በኖረኝ!"

አላለቀስኩም። አይመስለኝም። ከአንድ የወደቀ ማሽን ሆድ ውስጥ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ፈትተው ሰጡኝ። ሞተሩን ባትሪ አስነክተው አሳዩኝ፣ ይዞራል። በጨርቅ ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ አድርጌ ተመለስኩ፣ እንደ እንቁላል።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

ገጠምኩት። ዝዝዝ። ደረቅ።

ፈታሁት። ገጠምኩት። የጎማ ቀለበቱን ቀየርኩ። ደረቅ።

ሁለት ፓምፕ ሊበላሽ ይችላል? ወይስ እኔ ነኝ የተበላሸሁት?

ሳህኑ ሳይነካ ተመለሰ። ደረጃው ሥር ቆሜ "ካናሜ" አልኩ። በሹክሹክታ ነው። ስለሰዎቹ ልንገረው? ብነግረው ምን ያደርጋል? በመስኮት… አይ። ይሄን አልጽፍም።

ኖቬምበር 15፣ ቅዳሜ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሚትሱኤ ሥራ ናት፣ ሱፐርማርኬቱ የተጠበሰ ምግብ የሚሸጥበት ጋ። እረፍት ጠይቄ ቀረሁ። ገንዳውን ከጠዋት ሞላሁ። ፓምፑን እንደገና ከፈትኩ፣ እንደገና ዘጋሁ። ተጫንኩት። ዝዝዝ…

እርጥብ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ማሽኑን በጥፊ መታሁት። በጥፊ፣ እንደ ሰው። ከዚያ አፌን መያዝ አቃተኝ። "ሳብ! ሳብ እንጂ! ነገ መጥተው ሊወስዱት ነው እኮ፣ ምናለ ብትስብ! እባክህ ሳብ!"

ፓምፑ ደረቁን ይጮኻል። እኔም እጮኻለሁ።

የደረጃው እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ። አንድ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ደግሞ አንድ። አልዞርኩም። ብዞር የሚበር መሰለኝ።

"ቧንቧው" አለ።

ድምፁ ወፍሯል። የሰውዬ ድምፅ ነው።

"እ?"

"ቧንቧው ዝግ ነው። መጀመሪያ ከቧንቧው ትንሽ ውኃ ካልጠጣ የገንዳውን አይስብም። ሁሌም እንደዚያ ነው።"

"እንዴት አወቅክ?"

"ማን ነው የሚያጥበው?"

እውነቱን ነው። እስከዚህ ሳምንት እኔ ማሽኑን ተጭኜው አላውቅም ነበር።

"ለጥንቃቄ ነው የዘጋሁት" አልኩ፣ አሁንም ጀርባዬን ሰጥቼ። "የሂራኩ ቤት ውኃ ገብቶበት…"

"ለጥንቃቄ?"

"እንዳያፈስ።"

የደረጃው እንጨት እንደገና ተንቋቋ።

"እኔ የዘጋህብኝ ነው የመሰለኝ" አለ።

ወደ ቧንቧው ቀና አልኩ።

"መጀመሪያ ቀን ዝግ ሆኖ አገኘሁት፣ ከፈትኩት፣ አጠብኩ። በማግስቱ ዘግተኸዋል። ከፈትኩ። መልሰህ ዘጋህ። ከዚያ አጎቴ መጥቶ እስከ መቼ ትቀልቡታላችሁ አለ… አንተ ደግሞ ቀስ ይበሉ ይሰማል አልከው። እንደዚያ አይደለም አላልከውም። ማታ ስወርድ ቧንቧው በኃይል ተዘግቷል። ገባኝ። ውኃውንም አትንካ ማለትህ ነው ብዬ…"

"ካናሜ።"

"ገላዬንም ተውኩት።"

"ካናሜ፣ እኔ እኮ ፓምፑን ስሰማ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።"

ከዚያ እጁ በትከሻዬ ላይ አልፎ መጣ። እጁን ብቻ ነው ያየሁት። ነጭ፣ ቀጭን፣ ጥፍሩ ረጅም። ቧንቧውን ያዘ፣ አልዞር አለው። እኔም ያዝኩለት። ሁለታችንም አዞርነው። ማሽኑ ውስጥ ትንሽ ውኃ ጮር አለ፣ ፓምፑ ድምፁን ቀየረ፣ እንደተጠማ ሰው ጉርጥ ጉርጥ አለ፣ የገንዳው ውኃ ሲጎድል አየሁት። ያ የድሮው ፓምፕ ምንም አልነበረበትም። እኔ ነኝ የሰበርኩት።

"ማን ነው ነገ የሚወሰደው?" አለ።

"ማንም።"

"አባዬ።"

አባዬ አለኝ። ከመቼ ወዲህ?

"የአጎትህ ሰዎች ናቸው። በሩ ላይ እኔ እቆማለሁ። ማንም አይገባም።"

"ብቻህን? አራት ናቸው እኮ።"

ያንንም ሰምቷል። "ባልዲ አለኝ" አልኩት።

ሳቀ? የሳቀ መሰለኝ። በአፍንጫው ነው። ስዞር ወጥቶ ሄዷል። ወለሉ ላይ የእግሩ እርጥብ ፈለግ ነበር። እንዳልረግጠው ዞሬ ወጣሁ።

ኖቬምበር 16፣ እሁድ

ጠዋት ሚትሱኤ ጓሮ ወጥታ ቀረች። ብወጣ ገመዱ ሥር ቆማለች። ልብሱ ሁሉ ተሰቅሏል፣ የሳምንቱ። የሥራ ሽርጧ ማሰሪያው እንዳይጠላለፍ ታስሮ። ሱሪዬ ኪሱ ተገልብጦ።

"አንተ ነህ ያጠብከው?" አለችኝ።

"እኔ ኪስ መገልበጥ መቼ አውቃለሁ?"

የቧንቧውን ነገር ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። ሽርጧን አወረደች፣ እርጥቡን ፊቷ ላይ አደረገችው፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ገብታ ስልኩን አነሳች። ሰዎቹ አሁን መሰረዝ አይቻልም እያሉ ሲከራከሯት እሰማለሁ። "ልጁ ሥራ ላይ ነው" አለቻቸው። ዘጋችባቸው።

ቀጥሎ ወንድሟ ደወለ። ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ነው የያዘችው፣ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። "ታለቅሻለሽ!" "ለቅሶማ ሦስት ዓመት አለቀስኩ፣ ወንድሜ። ለመንደሪኑ እናመሰግናለን።"

ሰዎቹ ግን መጡ፣ ሁለት ሆነው። በሩ ላይ ቆምኩ። በጣም ትሁት ናቸው፣ ጎንበስ ብለው ነው የሚያወሩት። ወረቀት አልፈረምንም አልኳቸው። ከፎቅ መስኮት መጋረጃው ሲነቃነቅ እነሱም አዩት፣ እኔም አየሁት። ሄዱ። ባልዲው እጄ ላይ እንደነበር ያወቅኩት ከሄዱ በኋላ ነው።

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

ካናሜ ከክፍሉ ወጣ ማለት አይደለም። ሳህኑ አሁንም ደፍ ላይ ነው። ፊቱን አሁንም አላየሁም። ግን ሳህኑ ባዶውን ይወጣል፣ ዛሬ ደግሞ ማሽኑ ላይ የጥፍር መቁረጫው ተቀምጦ አገኘሁት፣ ታጥቦ።

ሺጌአኪ አኩርፏል። ሚትሱኤ ሌሊት ታለቅሳለች፣ አልዳነችም። እኔም ፍርሃቴ የት ይሄዳል? ሂራኩ ዛሬ ወለሉን በሙሉ ሊያስነቅል መሆኑን ነገረኝ።

ከመተኛቴ በፊት፦
ጋዝ… ተዘግቷል።
የላምባ ማሞቂያ… ጠፍቷል።
የጓሮ በር… ተቆልፏል።
የማሽኑ ቧንቧ… እጄ ሄዶ ያዘው። ለቀቅኩት። ክፍት ነው።

ጋደም ብያለሁ። ደረጃው ይንቋቋል። ወረደ። ቢያፈስስ? ጎማው ቢወልቅ፣ ወለሉ ቢያብጥ?

ያፍስስ።

ዝዝዝ… ይኸው።