የኔታ ያላሳለፉት ቪዲዮ

ሐሙስ

«እሺ» የሚለውን የተጫንኩት እኔው ነኝ። ማንንም መውቀስ አልችልም። ጠዋት የሠርግ ቪዲዮ ልልክ ላፕቶፑን ይዤ እህቴ ወደምትሠራበት ሆቴል ወጣሁ፤ የእነሱ ዋይፋይ ይሻላል። ቪዲዮ የምሠራበት ሶፍትዌር አዲሱን ልጫን ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቸኩዬ ነበር፣ እሺ አልኩት። የድሮ ሥራዎችሽን ወደ አዲሱ ልቀይር ወይ አለ። እሱንም እሺ። ሦስተኛም ነገር ጠይቆኝ ነበር፣ እሱን ሳላነበው አለፍኩት።

ላሊበላ ከተማ ወዳለው ፎቶ ሱቄ ተመልሼ ስከፍተው ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። መቁረጫው ከቦታው የለም። የድምፁ ማስተካከያ ሌላ ገጽ ውስጥ ገብቷል። ቁርጥራጮቹን የምደረድርበት መስመር፣ ታይምላይኑ፣ አንዱን ስነካው ሌላው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው፤ ዛሬ አንዲት ክሊፕ ለመቁረጥ ሩብ ሰዓት ፈጀሁ።

ያስፈራኝ የሠርጉ ሥራ አይደለም፣ ሙሽሮች ይታገሡኛል። የሚያስፈራኝ የየኔታ ክንፈ ነው። የኔታ ገነተ ማርያም አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ አቋቋም፣ በመቋሚያ የሚዜመውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ያስተማሩ መምህር ናቸው። የነቢያት ጾም ሳይገባ ሊመንኑ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ገዳም ይገባሉ፣ ከዚያ አይመለሱም። ተማሪዎቻቸው «ትምህርታቸው አብሯቸው እንዳይሄድ ቅረጪልን» ብለው ለመኑኝ። ሦስት ሳምንት ግቢያቸው እየተመላለስኩ ቀረጽኩ፣ ሌላ ሦስት ሳምንት ስቆርጥ ስቀጥል ከረምኩ። የኔታ የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፦ «እኔ አይቼ ሳላሳልፈው ለማንም አይሰጥም። ተማሪ እንኳ ሳያስመሰክር አያስተምርም።»

ስምንት ቀን አለኝ።

ዓርብ

የቪዲዮ ሠሪዎች የቴሌግራም ግሩፓችን ከትናንት ጀምሮ እየጨሰ ነው። የደሴው ልጅ «ሰው ወጥ ቤቴ ገብቶ ዕቃውን እንደገና ደርድሮታል፣ ጨው የት እንዳለ አላውቅም» ብሎ ጻፈ። ከባሕር ዳር አንዷ ነገ የምታስረክበው ሥራ አለባት፤ የምትጽፈው ሁሉ እንባ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ «ለጀማሪ ቀላል ሆኗል» አለና ሁሉም ተነሣበት። እኛ ጀማሪ ነን ወይ? ለኩባንያው በጋራ የተቃውሞ ደብዳቤ እንጻፍ ተባለ። እስካሁን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ እየተጣሉ ነው።

ወልድያ ለሚሠራው ለሲሳይ ደወልኩ። ሙያውን አብረን ነው የተማርነው። የድሮውን አስቀምጦታል። «ልልክልሽ እችላለሁ» አለ፣ ደስ አለኝ። ቀጠለና «ግን ትርንጎ፣ በአዲሱ የተቀየረ ሥራ በድሮው አይከፈትም» አለኝ። ሌላ ቅጂ አለሽ ወይ አለኝ። ቅጂውም እዚያው ፎልደር ውስጥ ነበር፣ አብሮ ተቀይሯል። ጥሬው ቀረጻ አለኝ፣ የሦስት ሳምንቱ ሥራ ግን ያለው በአዲሱ ብቻ ነው።

«ወይ ከዜሮ ጀምሪ፣ ወይ ልመጂው» አለኝ።

ከዜሮ ብጀምር አይደርስልኝም። እለምደዋለሁ። ካርቶን ቀድጄ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። መቁረጫ፦ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ምልክቱ ተቀይሯል። ድምፅ፦ ሁለተኛው ገጽ። ጽሑፍ፦ አላገኘሁትም። ቀለም፦ አገኘሁት፣ መልሶ ጠፋኝ። ሁሉንም ክፈት የሚለው ቁልፍ አሁን ሁሉንም ይዘጋል። ይህን ያሰበውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ

መብራት እስከ ስምንት ሰዓት አልነበረም። በባዶ ኪቦርድ ጣቴን ሳለማምድ ቆየሁ፤ ፎቶ ልትነሣ የመጣች ሴትዮ አይታኝ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

መብራቱ ሲመጣ ግን ሆነልኝ። ጽሑፉንም ቀለሙንም አገኘሁ። የየኔታን ቪዲዮ ከፈትኩት፤ ምንም አልተበላሸም። እንዲያውም ጥርት ብሏል፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ኮለል ብሎ ይሄዳል። ርዝመቱን ሳይ ከነበረበት ዐሥራ አንድ ደቂቃ ቀንሷል። ሲቀይረው ያስተካከለልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ይህንን የምጽፈው አውቄ እንዳልዋሽ ነው፦ ደስ ብሎኝ ነበር። ግሩፑ ላይ «ያን ያህል መጥፎ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ፣ የደሴው ልጅ ባንዳ አለኝ።

ቪዲዮውን አውጥቼ ጨረስኩ። ነገ ለየኔታ አሳያቸዋለሁ።

እሑድ

አላሳለፉትም።

ከቅዳሴ በኋላ ገነተ ማርያም ደረስኩ። የኔታ ከግቢያቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ጠበቁኝ። የእሳቸውን ቦታ የሚተኩት መሪጌታ ፍሥሐም አጠገባቸው ነበሩ። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አድርጌ ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ከዚያ በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ ይከተሉ ጀመር። ሦስት ደቂቃ እንደሄደ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«መልሺው» አሉ። መለስኩት። ጣታቸው እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ሦስት ጊዜ አስመለሱኝ።

«ልጄ፣ እኔ እንዲህ አላስተማርኩም።»

አልገባኝም። ረጋ ብለው አስረዱኝ። ዝማሜ ሲሆን ዜማው በመቋሚያው እንቅስቃሴ ነው የሚሄደው። ድምፁ ካለቀ በኋላ መቋሚያው ገና እየወረደ ነው፤ ወርዶ ሳያበቃ ቀጣዩ አይነሣም። «ድምፄ አለቀ። መቋሚያው የወረደበት የት አለ?» አሉኝ።

ተጠግቼ አየሁ። መቋሚያው ወደ ላይ ተነሥቷል፤ ከዚያ ወዲያው ታች ነው። መሐሉ የለም። እዚያ ቦታ ድምፅ ስለሌለ ሶፍትዌሩ ባዶ መስሎት ቆርጦ ጥሎታል። አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፣ ከዳር እስከ ዳር እንደዚሁ ነው። ያ ያኮራኝ ዐሥራ አንድ ደቂቃ የየኔታ መቋሚያ የሚወርድበት ጊዜ ነበር።

«ይህን አላሳልፍም» አሉ። «ተማሪው ይህንን አይቶ ቢይዝ፣ እሱም ሌላውን ያስተምርበታል። እኔ ደግሞ አርመው ዘንድ አልኖርም።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። ስድስት ሳምንት የሰማሁትን ዜማ ሳልሰማው መኖሬን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። መኪና ውስጥ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ተመለስኩ።

ሰኞ

ሳላነብ ያለፍኩት ሦስተኛው ጥያቄ እሱ ኖሯል። ድምፅ የሌለባቸውን ቦታዎች በራሴ ላጥፋ ወይ ብሎኝ እሺ ብየዋለሁ። ሲሳይ በስልክ እየመራኝ ማጥፊያውን አገኘሁት። አጠፋሁት። ግን ከአሁን በኋላ አይቆርጥም እንጂ የቆረጠውን አይመልስም። የተቆረጠውን ለመመለስ አንድ በአንድ የክሊፑን ጫፍ ይዞ መሳብ ነው።

ይህም ባልከፋ። ችግሩ የኔም ቁርጦች እዚያው ውስጥ መሆናቸው ነው። የኔታ ሲያስላቸው ቆርጫለሁ፤ አህያ ስትጮህ ቆርጫለሁ፤ የሰው ስልክ ሲጠራ ቆርጫለሁ። ከመቶ በላይ ቁርጥ ፊቴ ተደርድሯል፤ የቱ የኔ ነው፣ የቱ የማሽኑ? ዓይኔን ባፈጥም አልለይም። ይህን የሚለይ አንድ ሰው ነው ያለው፣ እሱም ዓርብ ይሄዳል።

ደወልኩላቸው። ተዪው፣ እግዚአብሔር አልፈቀደም ይሉኛል ብዬ ነው የጠበቅሁት። ሰምተው ሲያበቁ «ነገ እመጣለሁ። መቀመጫ አዘጋጂ» አሉ።

ማክሰኞ

የኔታ ላሊበላ የእህታቸው ልጅ ቤት አርፈው በጠዋት ሱቄ መጡ። ፎቶ የሚነሡ ሰዎች በሚቀመጡበት ወንበር ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ «ጀምሪ» አሉ። የጎደለ ቦታ ሲደርስ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ያነኳኳሉ። አቆማለሁ፣ ጫፉን ይዤ እስባለሁ፣ የጠፋው ይመለሳል፣ እንደገና ይሰማሉ። ራሳቸውን ነቅነቅ ካደረጉ ወደ ቀጣዩ እናልፋለን።

አንድ ነገር ማመን አለብኝ። ሐሙስ ዕለት ያማረረኝ ታይምላይን ዛሬ አዳነኝ። አንዱን ስስብ ከኋላው ያለው ሁሉ በራሱ ገፋ ብሎ ቦታ ይለቃል። በድሮው ቢሆን አንዱን ስመልስ ሌላው ይደረመስ ነበር። ለግሩፑ አልነገርኳቸውም።

የመታወቂያ ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሰው የኔታን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

ምሳ ሰዓት ላይ «ማን ጠይቋቸው ነው የቀየሩት?» አሉኝ።

«ማንም አልጠየቃቸውም፣ የኔታ።»

ሳቁ። እሳቸውም በወጣትነታቸው በአንድ ቤት ሥርዓት አቋቋም ተምረው፣ ኋላ ሌላ መምህር ዘንድ ሄደው በሌላ ሥርዓት እንደገና ጀምረዋል። «ራሴ ያውቀዋል፣ እጄ እምቢ አለኝ። መቋሚያው ወደለመደበት ይሄዳል። ከኋላዬ የቆሙት ሕፃናት ይስቁብኛል። ዓመት ፈጀብኝ» አሉ። እንዴት ቻሉት ስላቸው «መምህሬ አላሳልፍም አሉኛ» አሉ።

ግማሹን ጨረስን።

ረቡዕ

ዛሬ ሚካኤል ነው፣ የኔታ አይሠሩም። እኔም ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ካህናቱ ሲያሸበሽቡ መጀመሪያ ያየሁት መቋሚያቸውን ነው። ድምፁ ሲያልቅ አብሬ እየቆጠርኩ እጠብቃለሁ፤ ወረደ፣ ከዚያ ተነሣ። አጠገቤ ያለችው ሴት ምን ሆነሽ ነው የምትቆጥሪው አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ የጋራውን ደብዳቤ ትቼ ለኩባንያው የራሴን ጻፍኩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፣ ይረዱት። ታይምላይኑ ጥሩ ነው አልኩ። ቁልፎቹን መልሱልን አልኩ። ድምፅ የሌለበትን ቦታ በራሳችሁ አትቁረጡ፤ በኛ አገር ሰው ድምፁን ጨርሶም ሥራ ላይ ነው አልኩ። ወዲያው መልስ መጣልኝ፦ አስተያየትሽን ስለሰጠሽን እናመሰግናለን። ሰው አልጻፈውም።

ነገ መብራት ከጠፋ አለቀልኝ። ግን ባይጠፋ እንጨርሳለን።

ሐሙስ

መብራት አልጠፋም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጨረሻው አካባቢ ደረስን። የኔታ አነኳኩ። ጫፉን ሳብኩ፣ የሚመለስ ነገር የለም። ጥሬውን ቀረጻ ከፍቼ አየሁ፤ ማሽኑም እኔም አልነካነውም፣ ሙሉ ነው።

«የኔታ፣ እዚህ የተቆረጠ የለም።»

አስመለሱኝ። ሰሙ። ደግመው ሰሙ። በሦስተኛው ዓይናቸውን ገልጠው ስክሪኑን አዩት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «አንዱን ዘልዬዋለሁ።»

ያንን የቀረጽኩ ዕለት ደክሟቸው እንደነበር አስታውሳለሁ። ተመሳሳይ ቦታ ከሌላ ክሊፕ አምጥቼ ልሸፍነው እንደምችል ነገርኳቸው፤ ማንም አያውቅም አልኩ። አዩኝ። እንደዚያ ማለቴን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። የፎቶው መጋረጃ ፊት ቆሙ፣ «አብሪው» አሉ። መብራቱን አበራሁ፣ ካሜራውን አቆምኩ። ያንን ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሉት። መቋሚያው አንድም ቦታ አልዘለለም።

የተሳሳቱበትን ላውጣው ወይ ስላቸው እምቢ አሉ። «ስሕተቱም ይቀመጥ፣ እርማቱን ከሥሩ አግቢው። መምህርም እንደሚታረም ይዩ።»

ክሊፑን አስገባሁ፣ አቃናሁ፣ ጽሑፍ ጨመርኩበት። ስጨርስ ካርቶኑን አንድም ጊዜ ቀና ብዬ አለማየቴ ትዝ አለኝ።

ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ሰሙት። መቋሚያቸው ወለል አልነካም። «ይሂድ» አሉኝ። አለቀስኩ፣ እሳቸው እንዳላዩ ሆኑ።

ዓርብ

የኔታ ጠዋት በሚኒባስ ሄዱ። ስልካቸውን ለእህታቸው ልጅ ሰጥተዋል። ቪዲዮውን ይዘው ይሂዱ ብዬ በፍላሽ ገልብጬ ነበር፤ «እኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለፍሥሐ ስጪው» አሉ። ሰላም ሲሉኝ እጃቸውን ቶሎ መልቀቅ አቃተኝ።

ከሰዓት መሪጌታ ፍሥሐ ደወሉ። ኩልመስክ ከተማ ያሉ ተማሪዎች በስልካቸው ሊያዩት ይፈልጋሉ። «እንደው ለስልክ በዛ፣ ዝም የሚባልበትን ትንሽ ብታሳጥሪልን» አሉኝ።

«አይቆረጥም፣ መሪጌታ» አልኳቸው።

«እውነትሽን ነው» አሉ። ለአራት ከፍዬ እልክላቸዋለሁ። የምከፍለው የኔታ አረፍ ብለው ውኃ የጠጡባቸው ቦታዎች ላይ ነው። የት የት እንደሆኑ አሁን ሳላይ አውቃቸዋለሁ።