ሰላምታ የመለሰችው ልጅ

ለውድ ወንድምጋሼ ንጉሡ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ሲሚንቶ የበላው እጅህ ዳነልህ ወይ? የጅግጅጋ ፀሐይ ለመድከው? ውሃውስ ተስማማህ? አብሮህ የሚበላ ሰው አገኘህ ወይስ አሁንም ምሳህን ብቻህን ነው የምትበላው? ያ ሳልህስ ተወህ? እኔ እህትህ አሰጋሽ፣ ሰላምታዬ ከዚህ ከመካነ ሰላም ውርጭ ተነሥቶ እዚያ ሙቀት ውስጥ እንዲደርስህ እመኛለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ «እኛ ሁላችንም ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን» የሚባልበት ቦታ ነው። እጄ ለምዶበት ሊጽፈው ተነሥቶ ነበር፤ መለስኩት። ወግዲ ያሉት በእውነት ደህና ናቸው፣ አትደንግጥ። አባዬ ስንዴውን አጭዶ ከምሯል፣ እማዬን ወገቧን ተሽሏታል፣ ትንሿ እህታችን የኔአለም የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ፈርቻለሁ። ከዓርብ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል። ዛሬ ቅበላ ስለሆነ አከራዬ ወይዘሮ እታገኘሁ ወጥ አምጥተውልኝ ነበር፤ «ምነው ልጄ፣ ከነገ ጀምሮ እኮ ጾም ነው» ቢሉኝም ሁለት ጉርሻ ጎርሼ ተውኩት።

ይህን ለምን በስልክ እንዳልነገርኩህ ታውቃለህ። ስልኩ የአባዬ ነው፤ ወግዲ ስሄድ ጠብቀህ ስትደውል ስፒከር ላይ ያደርገዋል፤ ቤቱ ሁሉ ከቦ እየሰማ «ደህና ነሽ?» ትለኛለህ፣ «ደህና ነኝ» እልሃለሁ። ልባሽ ጨርቅ ነጋዴው ፋሩቅ ነገ ከሰዓት በኋላ ወደ ጅግጅጋ ይነሣል ሲባል ስለሰማሁ፣ ወረቀቱን በእሱ እጅ ልልክልህ ብዬ ከቅዳሴ መልስ ተቀምጫለሁ። አንብበህ ስትጨርስ ትቆጣኝ ይሆናል። አንተ ከአሥረኛ ክፍል ወጥተህ ብሎኬት የምትደረድረው እኔ እንድማር ነው፤ እኔ ደግሞ የምጽፍልህ ከትምህርት ቤት ሊያስባርረኝ ስለሚችል ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው በልብ ወለድ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ በአሮጌ ደብተር ላይ አንድ ታሪክ ጻፍኩ። በታሪኩ ውስጥ አንዲት ከተማ አለች፤ መሐሏ ላይ ረጅም ማማ ቆሟል፣ ማማው ላይ ድምፅ ማጉያ አለ። ጠዋት ጠዋት «ደህና አደራችሁ?» ይላል፤ ሕዝቡም በአንድ አፍ «ደህና!» ብሎ ይመልሳል። የመለሰ ሰው ያመመውን ሁሉ ይረሳል። ልጁ የሞተበት ልጁን ይረሳል፣ ቤቱ የሚያፈስበት ዝናቡን ይረሳል፣ የተበደለም በዳዩን ይረሳል። አንዲት ልጅ ግን አንድ ቀን ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ሳትመልስ ትቀራለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድም እንደነበራት ትዝ ይላት ጀመር። መጨረሻውን አልጻፍኩትም፤ እንዴት እንደሚያልቅ አላወቅሁም ነበር።

መስከረም ላይ ስሜን ሳልጽፍ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ሣጥን ውስጥ ጨመርኩት። የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ የምታውቀው ፊርደውስ ብቻ ነበረች። ታውቃታለህ፤ ከመናኸሪያው በላይ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ያንን ጃኬትህን ከአዲስ አሳምሮ የሰፋልህ የጀብሪል ልጅ ናት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነን። ስትስቅ ሦስት ክፍል ድረስ ይሰማል፤ ስታነብ ግን አጠገቧ ቤት ቢቃጠል አታውቅም። መምህራኑ የእጅ ጽሑፌን ስለሚያውቁት እንዳልያዝ ብላ ታሪኩን በራሷ እጅ የገለበጠችልኝ እሷ ናት።

በጥቅምት መጨረሻ ታሪኩ በእረፍት ሰዓት፣ አራት ቀን ተከፋፍሎ ተነበበ። ወንድምጋሼ፣ ደስታዬን ብታየው! ሜዳው ሙሉ ተማሪ ብስኩቱን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ያዳምጣል። በሳምንቱ አንዳንድ ልጆች ለቀልድ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ጣል አድርገው መጡ። ከዚያ ክፍሉ ከሞላ ጎደል አደረገ፤ እኔም አደረግሁ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዩኒት ሊደራችን መምህር ሱፍያን እንደ ልማዳቸው «አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ ልጆቼ» ሲሉ፣ አጠገቤ ፊርደውስ በለሆሳስ ከመለሰችው በቀር አንድም ሰው አልመለሰም። ያ ሁሉ ተማሪ ጭጭ። የባንዲራው ገመድ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ብቻ ይሰማ ነበር። መምህር ሱፍያን ደገሙት፤ አሁንም ዝም ስንላቸው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔ ኮራሁ። እውነቱን እንድታውቀው ነው የምነግርህ፣ ኮራሁ።

ፍርሃቱ የጀመረኝ ረቡዕ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች በሩ ላይ ቆመው የሚገባውን ሁሉ «ጆሮህን አሳይ፣ ጆሮሽን አሳይ» ይላሉ። ጥጥ የሌለው ይገፈተራል፣ ደብተሩ ይበተናል። አንዱ የኔንም ሻሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አየና «ትለፍ፣ የኛ ናት» አለ። ቃሉን የጻፍኩት እኔ፣ በገዛ ቃሌ የምፈተሸውም እኔ። ደፍሬ ግን «ተዉ» አላልኩም።

ፊርደውስ ጥጥ አላደረገችም። ሂጃቧን ገልጣ እንድታሳይ ሲጠይቋት ጆሮዬን ለማንም አላሳይም ብላ አለፈች። ሐሙስ ሰልፍ ላይ መምህር ሱፍያን ሰላም ሲሉ፣ በዚያ ሁሉ ዝምታ መሐል ብቻዋን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ወአለይኩም ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ ደህና አደርን» አለች። በኋላ ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ስጠይቃት፣ «ሰላም ላለ ሰው አለመመለስ አላህ ዘንድ ወንጀል አለው፣ እኔ የመለስኩት ለመምህር ሱፍያን ነው እንጂ ለማማው አይደለም» አለችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚያናግራት ጠፋ። «ጆሮ ጠቢ» አሏት። ቦርሳዋ ውስጥ ጭቃ ከተቱባት። አብረዋት ቁርኣን የተማሩት ልጆች እንኳን ፊታቸውን አዞሩባት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ በደብተሬ ጠርዝ ላይ «አይዞሽ» ብዬ ጻፍኩላት። በአፌ አላልኳትም፤ ሰው እንዳይሰማኝ ፈራሁ።

ርዕሰ መምህሩም በበኩላቸው ፈርተዋል። በዚህ ዘመን አንድ ላይ ዝም ያለ ወጣት እንዴት እንደሚታይ ታውቀዋለህ፤ «ከኋላቸው ማን አለ?» ይባላል። ዓርብ ጠዋት የኛን ክፍልና ሌሎች ሁለት ክፍሎችን አዳራሽ አስገብተው በሩን አስዘጉ። አባዬ የሚያወራልንን አውጫጭኝ ታስታውሳለህ? ድሮ በሬ ሲሰረቅ አገሬው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ሌባው እስኪነገር ድረስ ማንም ቤቱ አይገባም የሚባለው። እሱ ነው የመጣብን። ርዕሰ መምህሩ የታሪኩን ወረቀት ከፍ አድርገው እያሳዩ የዚህ ባለቤት ሳይታወቅ ማንም አይወጣም አሉ።

ረፋዱ አለፈ፣ ምሳ ሰዓት አለፈ። ልጆች ያለቅሱ ጀመር። ከገጠር በእግራቸው የሚመላለሱት ሊመሽባቸው ነው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ፣ አሁን እነሣለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጫለሁ። አሥር ሰዓት ገደማ ከኋላ አንድ ድምፅ «ፊርደውስ ናት» አለ። ከዚያ ሌላ ተከተለ። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። ደብተሯን አስመጥተው ከወረቀቱ ጋር ሲያስተያዩት በእርግጥም የእጅ ጽሑፉ የሷ ነው። ርዕሰ መምህሩ እሷ ናት የምትሉ እጃችሁን አንሡ አሉ።

ጥጥ ያደረጉት አነሡ፤ ጥጣቸውን አውጥተው የጣሉትም አነሡ። እኔም አነሣሁ። በታሪኬ ውስጥ ሰውን የሚያዘው ማማው ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማማም ድምፅ ማጉያም አልነበረም፤ እጄን ያነሣሁት ራሴ ነኝ። ፊርደውስ እኔ አይደለሁም አለች እንጂ ማን እንደሆነ አልተናገረችም። አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ፤ ከዚያ አቀረቀረች። ስሜን ብትጠራ እኮ በዚያው ነጻ ትወጣ ነበር። የዘንድሮ ትምህርቷ እንደተቋረጠና ሰኞ አባቷ መጥተው የማሰናበቻ ደብዳቤዋን እንዲወስዱ ነገሯት። ከብዙዎች ጋር የመጣ ሞት ሠርግ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ በሩ ተከፍቶ ስንወጣ እውነትም ልጆቹ እንደ ሠርገኛ ይሳሳቁ ነበር።

ትናንት ቤቷ ድረስ ሄጄ ነበር። አባቷ የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው ይሰፋሉ፤ «ግቢ ልጄ፣ ጓደኛሽ አዝናለች፣ አጽናኛት» አሉኝ። ያደረግሁባትን አያውቁም። ፊርደውስ ከጓዳ ብቅ ስትል ሰላም አልኳት፤ አየችኝና ሳትመልስልኝ ገባች። ሰላምታ ሳትመልስ ስትቀር ያየኋት ትናንት ብቻ ነው። አባቷን ቀና ብዬ ሳላይ ወጥቼ ሮጥኩ።

እማዬ «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። እንጃ፤ የኔው ዝምታ ገና በሁለት ቀኑ ነቅዟል። ርዕሰ መምህሩን እፈራለሁ። አባዬ ሲሰማ ፊቱ የሚሆነውን እፈራለሁ። ያንተን የቆሰለ እጅ ሳስብ ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። ነገ ምንም ሳልል ብቀር ግን ከነገ ወዲያም አልልም፤ ከዚያ ቀስ እያልኩ እረሳዋለሁ፣ በሳምንቱም እንደማንም ሰው «ደህና» እላለሁ። ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው። ወረቀቱን እዚህ ላይ አቆየዋለሁ፤ ነገ እጨርሰዋለሁ።

ሰኞ ነው፤ የረፋዱ እረፍት ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ያለው አንድም ሰው አልነበረም፤ ጥጡ መሬት ላይ ወድቆ ይረገጣል። መምህር ሱፍያን ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ተማሪው በሙሉ «ደህና!» ብሎ ጮኸ፤ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም። ጩኸቱ በረድ ሲል «እኔ ደህና አላደርኩም» አልኩ። ድምፄ የትንኝ ያህል ነበር፤ አጠገቤ ያሉት ብቻ ሰምተው ዘወር ዘወር አሉ፣ አንዷም ከጎኔ ፈቀቅ አለች። መምህር ሱፍያን እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን አልሽ ልጄ?» አሉኝ። ደገምኩት።

ከዚያ አሮጌውን ደብተር ይዤ ወደ ፊት ሄድኩ፤ መንገዱ ከዚህ እስከ ወግዲ የሚርቅ መሰለኝ። ታሪኩን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ፊርደውስ የገለበጠችው ለኔ ብላ እንደሆነ፣ ዓርብ ደግሞ እያወቅሁ እጄን እንዳነሣሁባት ተናገርኩ። ስናገር አለቀስኩ፤ ንፍጤ ሁሉ ወረደ፣ አታፍርብኝ። አባቷ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እሷን ከጎናቸው አድርገው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ሁሉንም ሰሙ። ርዕሰ መምህሩ ለሷ የጻፉትን ደብዳቤ መልሰው ኪሳቸው ከተቱ፣ እሷን ወደ ክፍሏ ላኩና ደብተሬን ተቀበሉኝ። የኔን ነገር ሐሙስ አባዬን ይዤ ስመጣ ይወስናሉ፤ እስከዚያው ክፍል ግቢ አሉኝ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ወግዲ እሄዳለሁ፤ አባዬ ከሰው ሳይሰማ ከኔው አፍ ይስማው። ይህ ሲደርስህ ሐሙስ አልፎ ይሆናል። አማልደኝ አልልህም። ስትደውል ግን አባዬን ስፒከሩን እንዲያጠፋው ንገረውና ለብቻዬ አናግረኝ። «ደህና ነሽ?» ብለህም አትጀምር፤ ምን እንደሆንኩ ጠይቀኝ።

አባዬና እማዬ እንደምጽፍልህ ባያውቁም ስምህ ከአፋቸው አይጠፋም፤ ሰላምታቸውን እኔ አድርሼልሃለሁ። የኔአለም በወለቀ ጥርሷ ትስምሃለች። ወይዘሮ እታገኘሁ ሰላም በይልኝ፣ በዚያ ፀሐይ ያለ ቆብ እንዳይሠራ ብለውሃል። ከልብስ ሰፊው ከጋሽ ጀብሪል ሰላምታ ብልክልህ ውሸት ይሆንብኛል፤ ምንም ሳይሉኝ ነው የሄዱት። ፊርደውስ ደግሞ፣ ከሰልፉ በኋላ ክፍል ስገባ ዴስካችን ላይ ቀድማኝ ተቀምጣ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «አሰላሙ አለይኩም» አልኳት። ደብተሯን ገለጠች። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር «ወአለይኩም ሰላም» አለች። ቦርሳዋን ግን ከመቀመጫዬ ላይ አነሣችው።

እህትህ አሰጋሽ ፈንታው
መካነ ሰላም፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.