ሦስት ጊዜ የተጠራ ስም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ካርድ ክፍል፣ በምሳ ሰዓት

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

በሰው አገር እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። በስልክ ያላወራሁሽ ፈርቼሽ ነው። ስለ አባትሽ አፌን ስከፍት «እማ፣ ሌላ ወሬ የለሽም?» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። ስጨርስ የላብራቶሪዋ ጓደኛዬ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ፦ አባትሽ እኛ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ዓርብ ጠዋት ሆዱን ይከፍቱታል፣ ከዚያ በፊት ድምፅሽን መስማት ይፈልጋል። አልላከኝም፣ አልለመነኝምም። ግን ስልኬ በጮኸ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርጋል።

ይኸው፣ አሁን ተናደድሽ። ቆዪ እስቲ፣ እኔም ትንሽ ልረፍ። ከጠዋት ጀምሮ መቶ ሠላሳ ሰው ጠርቼ ጉሮሮዬ ደርቋል።

ሰው መጥራት ቀላል ይመስላል አይደል? ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህች መስኮት ስም ስጠራ፣ የሰው ልጅ ከበሽታው ይልቅ ማዕረጉ ሲነካበት እንደሚያመው አይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱን «አቶ» ብዬ ብጠራው፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ እስከ መስኮቱ መጥቶ «ኢንጂነር ነው የሚባለው» አለኝ። «እሺ ኢንጂነር፣ ሽንትዎን በዚህች ብልቃጥ ይዘው ይምጡ» አልኩት። አንዷን ደግሞ ሽበቷን አይቼ «እማማ» ብላት፣ «እማማሽን ቤትሽ ፈልጊ!» ብላ ወረደችብኝ። ካርዷን ባየው ለካስ በሦስት ዓመት ታንሰኛለች። ስድሳ ያለፋት አንዲት አስተማሪ ግን «ወይዘሪት» ስላት ምርኩዟን ረስታ ነው የተነሣችው። ዘበኛችንን አንድም ቀን ወታደር ሳይሆን «ኮሎኔል» እንለው የለ? ጡረታ ሲወጣ ደብዳቤው ላይ «የጥበቃ ሠራተኛ» የሚለውን አንብቦ ዕንባው መጣ፤ እኛም አብረነው አለቀስን። እኔንማ ታውቂያለሽ፣ «ማይክራፎኗ» ነኝ። ሐኪሞቹ ሁለተኛ ፎቅ ሆነው እንደሚሰሙኝ ይምላሉ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ። መስከረም ላይ ነው። የአንጀት ስፔሻሊስቱ የሚመጣው በወር አንድ ቀን ብቻ ነው። የእኛ ሕግ ደግሞ፣ ሰው ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልተነሣ ካርዱ ከሥር ይገባል። በዚያ ቀን ከሥር የገባ ካርድ ለሚቀጥለው ወር ቀረ ማለት ነው። ካርዶቹን ስገልጥ የአባትሽን ስም አየሁት፣ ከነአባቱ ከነአያቱ። ሞክሼ ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ስል «ተጠሪ» የሚለው ቦታ ላይ የራሴን ስም አገኘሁ። ከጎኑ ዝምድና ይላል፦ «ባለቤት»። አይ ድፍረት! ለሳምንት ሥራ ብሎ ወጥቶ አሥራ ሁለት ዓመት የቀረ ሰው፣ ሌላ ቤት ሠርቶ እሱንም ያፈረሰ ሰው፣ ትናንት ከእኔ ጋር ያደረ ይመስል!

ቀና ስል ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ከስቷል፣ ኮቱ የሌላ ሰው ይመስላል። ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ በስሙ ጠርቼው አላውቅም ነበር። አንቺን ሳንወልድ «ስማ» ነበር የምለው፣ ከወለድንሽ በኋላ «አባቷ»። እሱም ሲያሾፍብኝ «እሜቴ» ይለኝ ነበር። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «አቶ» ብዬ ከነአባቱ ጠራሁት። አልተነቃነቀም። ደገምኩት። ሠለስኩት። ከዚያ ካርዱን ከሥር ከተትኩት።

ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፦ ቀስ ብዬ ነው የጠራሁት። እኔ ማይክራፎኗ፣ ከመስታወቱ በማያልፍ ድምፅ፣ ሦስቱንም ጊዜ። ማንም አይከሰኝም፤ ሕጉ ሦስት ጊዜ ጥሩ ይላል እንጂ ጮኻችሁ ጥሩ አይልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁጭ ብሎ፣ ስፔሻሊስቱ መኪናው ውስጥ ሲገባ ተነሥቶ ሄደ። እሰይ አልኩ። ምን እዋሻለሁ፣ እሰይ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በወሩ ተመልሶ መጣ። የጠራችው ሌላዋ ተረኛ ናት። ስፔሻሊስቱ ከመረመረው በኋላ አስጠራኝ፣ ተጠሪው እኔ ነኛ። «ዕጢ ነው፤ አንድ ወር ቀደም ብሎ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር» አለኝ። ቀደም ብሎማ መጥቶ ነበር ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ደክሞኛል ልጄ። ቀን ቀን ስም እጠራለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ዋርድ ገብቼ ሸሚዝ እለውጥለታለሁ፣ ጥፍሩን እቆርጥለታለሁ። ታርቀው ነው እንዳትዪ። መታረቅ የሚቀለኝ በዳዩ እሱ ብቻ ቢሆን ነበር።

ትናንት ትራሱን ሳስተካክልለት «ልጄ አሁን በማን ስም ነው የምትጠራው?» አለኝ። የእሱን ስም አውጥተሽ በእኔ አባት ስም መጠራትሽን ማን እንደነገረው እንጃ።

«እሱ ወረቀት ላይ ነው» አልኩት።

«ደግ አደረገች። አባትሽ ቤታቸውን ጥለው የማይሄዱ ሰው ነበሩ» አለ። ቅሬታ የለበትም፣ እንዲያው የሚያውቀውን መናገሩ ነው።

ይኼኔ አላስቻለኝም። «መስከረም ላይ የጠራሁህ እኔ ነኝ። ሆነ ብዬ ነው ቀስ ያልኩት» አልኩት።

«ሰምቼሻለሁ» አለኝ።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም። አንቺ እንድሰማሽ ካልፈለግሽ እኔ በምን አፌ አቤት ልበል?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ይገባሻል ልጄ? እኔ እንዳይሰማኝ ጠራሁት፣ እሱ እንዳልሰማ ሆኖ ተቀመጠ፣ እኛ ስንተዛዘብ ያ ወር ሄደ። አንቺ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ሆነሽ በሩ ላይ ቆመሽ ስትጠብቂው ያልነገርኩሽን ልንገርሽ፦ የት እንዳለ አውቅ ነበር፣ ሄጄም አልጠራሁትም፣ አንቺም ሄደሽ እንዳትጠሪው ደበቅኩሽ። ኩራት ነበር ያኔ የመሰለኝ።

ይቅር በይው አልልሽም፣ እሱ የአንቺ ጉዳይ ነው። ስምሽንም መልሺ አልልሽም፣ የአያትሽ ስም ያምርብሻል። የዓርቡን ነገር ሐኪሙ «ተስፋ አለው» ከማለት ሌላ ቃል አይጨምርም። ሐሙስ ከአሥር ሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ነኝ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዤለት እቆማለሁ። «አባዬ» ማለት አፍሽ እምቢ ካለሽ «አንተ ሰውዬ» በይው፣ ስደቢው፣ ያሻሽን በይው። ብቻ እንደ እናትሽ ቀስ አትበዪ። ጮኸሽ ጥሪው።

ክፉ አይንካሽ፣ የሰው አገር ሰው ይውደድሽ፣ በስምሽ አቆላምጦ የሚጠራሽ አያሳጣሽ።

የምትወድሽና የደከማት
እናትሽ