ጠርቼው ያለፍኩት ሰው

ለውድ ወንድሜ ለቶረን፣

እንደምን ከረምክ? ሎይስ እንዴት ናት? መንትዮቹስ? ጀልባችሁ ከዚያ ማዕበል በሰላም ተመለሰች ወይ? እማማ በሬዲዮ የአላስካን ወሬ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትቆማለችና ቶሎ ጻፍላት። እኛ ደህና ነን። እኔ ግን ከቅዳሜ ወዲህ እህል በአፌ አልዞር ብሎኛል፤ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ቅዳሜ ለተራራችን የስኪ፣ የበረዶ ሸርተቴ፣ ነፍስ አድኖች የምስጋና ራት ነበር። እንደምታውቀው ነርሷም፣ ከብት አርቢውም፣ እኔም ያለ ደሞዝ ነው የምንሠራው። የዘንድሮው ግን በተለይ ለአባባ ነው፤ አርባ ክረምት አገልግሏል። እኔም የአምስት ዓመት የአገልግሎት ምልክቴን ከእጁ ልቀበል ነበር። ሽማግሌው ቨርን ጠዋት አባባን አየውና "ጉድ ፈላ! አለቃችን ጸጉሩን አበጥሯል፤ ዛሬ የበረዶ ናዳ ሳይወርድብን አይቀርም" ብሎ አሳቀን።

አሥር ሰዓት ላይ በገመድ ሰው ወደ ላይ የሚያወጡት ወንበሮች ቆሙና፣ ሰው አለመቅረቱን ለምናይበት የመዝጊያ ዙር ቁልቁለቶቹን ተከፋፈልን። ለእኔ ጥድ የበዛበት የሰሜኑ ደረሰኝ። የአባባን ሕግ ታውቃለህ፤ በየመታጠፊያው ትቆማለህ፣ "ሰው አለ?" ብለህ ትጣራለህ፣ ከዚያ እስከ አሥር እየቆጠርክ ታዳምጣለህ። እኔ ግን ቀሚሴን ገና አልተኮስኩም ነበር። ሳልቆም፣ እየተንሸራተትኩ ተጣራሁ። ስኪው በረዶውን እየፋቀ ምን ይሰማል? ታች ደርሼ በሬዲዮ "ሰሜን ባዶ ነው" አልኩ።

በራቱ ላይ የአባባ ስም ተጠርቶ ጭብጨባው ሳያበቃ ኮራ የምትባል ሴት በሩን በርግዳ ገባች። "ባሌ አልተመለሰም! መኪናችን ብቻዋን ቆማለች" አለች። አባባ ሽልማቱን ትቶ ወደ ጃኬቱ ሄደ። "ሰሜን የማን ነበር?" ሲል እጄን አወጣሁ። "መንገዱን ምሪን" አለኝ።

ቶረን፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በየጥዱ ሥር ባትሪ እያበራን ወረድን። ከሦስተኛው መታጠፊያ በታች ቨርን አንድ ስኪ አገኘ። ሰውየው ጥዱ ሥር ባለው የበረዶ ጉድጓድ ተሰንቅሮ፣ እግሩ ተሰብሮ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር፤ ግን ይተነፍሳል። ተጎታቹ ቃሬዛ ላይ ስናስረው ድምፄን ለየኝ። "አንቺ ነሽ የተጣራሽው? መልሼልሽ ነበር እኮ፣ ሁለት ጊዜ። ድምፄ ደክሞ ነው መሰለኝ፣ ይቅርታ" አለኝ። እሱ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ! አጠገቤ የተንበረከከው አባባ ማሰሪያውን ማጥበቁን ቀጠለ።

ሰውየውን ሐኪም ቤት ላክነው፤ ጣቶቹም ከውርጩ ተርፈዋል። ወደ አዳራሹ ስንመለስ ቨርን ሜዳሊያውን ሲዘረጋለት አባባ እጆቹን ኪሱ ከተተ። "ዛሬ ሰው ጥለን ወርደናል። አለቃው እኔ ነኝ፤ አልቀበልም" አለ። እኔ አልቻልኩም። ተነሥቼ፣ ሳልቆም ያለፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ። ሁሉም ሹካውን አስቀመጠ። አባባ "ጃኬትሽን አውልቂ" አለኝ። አወለቅኩ።

ሦስት ቀን አላናገረኝም። ዛሬ ጠዋት ጃኬቴን ይዞ በሬን አንኳኳ። "ወንበሮቹ ሲቆሙ አብረን እንወርዳለን። እኔ እጣራለሁ፣ አንቺ ታዳምጫለሽ" አለኝ። ከእንግዲህ እንዴት ታምነኛለህ ስለው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "አንቺ አንድ ቀን ሳትቆሚ አለፍሽ። እኔ ከካቻምና ጀምሮ ቆሜም ጆሮዬ በደንብ አይሰማም። እጣራለሁ፣ እስከ አሥር እቆጥራለሁ፣ ባዶ ነው እላለሁ። ያንን ሜዳሊያ በምን ፊቴ ልውሰደው?" አለኝ። አለቀሰ፣ ቶረን። የፊታችን ቅዳሜ ይህንኑ ለባልደረቦቹ ራሱ ይነግራቸዋል።

ሎይስን እቀፍልኝ፣ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እማማ በየቀኑ ስማችሁን እያነሣች ትመርቃችኋለች። ቨርንም ትልቅ ዓሣ ላክልኝ ይልሃል። አባባ ይህን መጻፌን አያውቅም። ስትደውል "እሺ፣ እሺ" ብሎ ስልኩን ለእማማ ሲያቀብላት፣ ትቼው በመሄዴ አኩርፎኛል ትል አልነበር? አላኮረፈህም፣ ወንድሜ። አይሰማህም ነበር። እባክህ ጻፍለት።

እህትህ ማሪት
ላርች ፎርክ፣ ሞንታና
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1987